ከመበየድህ በፊት ለካው

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ልጁ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦

«ሰላም ጋሼ። ለቤት የሚሆን አምፕሊፋየር በራሴ እየሠራሁ ነው። ትራንስፎርመሩ 25-0-25 ነው፤ ካፓሲተሮቹ ላይ ፕላስና ማይነስ 35 ቮልት አገኛለሁ። በየቻናሉ አንድ ጥንድ ሲ5200 እና ኤ1943 ትራንዚስተር አለ። ስፒከሮቼ 4 ኦም ናቸው። መጀመሪያ በደንብ ሠራ። ድምፁን ከፍ አድርጌ 20 ደቂቃ ያህል እንደቆየሁ ግን የቀኙ ቻናል ሾርት ሆነ። ስፒከሩንም ይዞት ሄደ። ከዚያው ሱቅ ሌላ ጥንድ ገዝቼ ቀየርኩ። በማግስቱ ያው ነገር ደገመኝ። በቴስተር ስለካቸው ሁሉም ደህና ነበሩ። ቶሺባ የሚል ጽሑፍም አላቸው። ጓደኞቼ ፎርጅድ ናቸው ይሉኛል። አቦ፣ እንዴት ነው የሚለየው? ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?»

ወንድሜ፣ ስፒከሩ መሄዱ በጣም ያሳዝናል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው። በእጅህ የሠራኸው አምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘፍን ሰምተህ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጭስ ማየት ግን ልብ ይሰብራል። እኔም ደርሶብኛልና በረጅሙ ልመልስልህ።

የገለጽከው ነገር የፎርጅድ ትራንዚስተር ጠባይ አለው። ሆኖም ሳትለካ አትፍረድ። የአሠራር ስህተትም ልክ እንዲህ አድርጎ ያቃጥላል። ሁለቱን የምትለይበትን መንገድ አሳይሃለሁ።

መጀመሪያ ፎርጅድ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ብዙ ሰው ውስጡ ባዶ የሆነ ወይም ጭራሽ የማይሠራ ዕቃ ይመስለዋል። ፎርጅድ ሲ5200 አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ ትራንዚስተር ነው። ትንሽና ደካማ ትራንዚስተር ነው እንጂ። ትልቁ ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽ ሲሊከን ይከቱና የትልቁን ስም ይጽፉበታል። ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ፣ ፊቱ ተፍቆ እንደ አዲስ የታተመበትም አለ። ርካሽ ሞዴል ሆኖ በውድ ስም የሚሸጥም አለ።

ቴስተርህ «ደህና ነው» ያለህ ለዚህ ነው። የጠየቅከው «ትራንዚስተር ነህ ወይ?» ብለህ ነው፤ አዎ አለህ። «150 ዋት ትችላለህ ወይ?» ብለህ አልጠየቅከውም። በጥቂት ሚሊአምፒር ይህን መጠየቅም አይቻልም።

አንድ ነገር ያዝልኝ። ጽሑፍ ማንም ያትማል። የሲሊከኑን ስፋት ግን ማስመሰል አይችሉም። ዕቃውን ያረከሰላቸው የሲሊከኑ ማነስ ነው፤ ካሳደጉት ትርፋቸው ይጠፋል። ከዚህ በታች የምነግርህ መለኪያ ሁሉ በተለያየ መንገድ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ውስጥ ያለው ሲሊከን ምን ያህል ነው?

የአንተው ለምን ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደሞተ በሂሳብ እንየው። ትንሽ ታገሠኝ፣ ቀላል ነው።

የቶሺባ ሲ5200 አቅም በዳታ ሺቱ፣ ማለትም በፋብሪካው መግለጫ ወረቀት ላይ ተጽፏል። 230 ቮልት፣ 15 አምፒር፣ የጀርባው ብረት 25 ዲግሪ ላይ ከተያዘ ደግሞ 150 ዋት። ሲሊከኑ የሚችለው እስከ 150 ዲግሪ ነው። ከ25 እስከ 150 ያለውን 125 ዲግሪ ለ150 ዋት ስታካፍለው 0.83 ይመጣል። እያንዳንዱ ዋት ሲሊከኑን ከጀርባው ብረት በላይ በ0.83 ዲግሪ ያሞቀዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ አምፕ እንምጣ። 35 በ35 ሲባዛ 1225 ነው። ይህን ለፓይ ስኩዌር፣ ማለትም ለ9.87 አካፍለው። የመጣውን ደግሞ ለስፒከሩ 4 ኦም አካፍለው። ወደ 31 ዋት ታገኛለህ። በጣም ከባድ በሆነው የድምፅ ደረጃ አንዱ ትራንዚስተር በአማካይ የሚሸከመው ሙቀት ይህ ነው።

በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ ቀትሩ 35 ዲግሪ ይደርሳል። አምፑ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ከሆነ የትራንዚስተሩ ጀርባ 80 ዲግሪ ቢገባ አይገርምም። እውነተኛው ሲ5200 በዚህ ላይ 26 ዲግሪ ይጨምራል። ሲሊከኑ 106 ላይ ይሆናል፤ ምንም አይደለም። ትንሽ ሲሊከን ያለው ግን፣ እያንዳንዱ ዋት 3 ዲግሪ ያሞቀዋል ብንል፣ 93 ዲግሪ ይጨምራል። 173 ገባ። አለቀለት። 20 ደቂቃ የፈጀው ሂት ሲንኩ፣ ማለትም ትራንዚስተሩ የሚታሰርበት ማቀዝቀዣ ብረት፣ እስኪግል ነው። ይኸው ዕቃ አዲስ አበባ በክረምት ወራት ሊከርም ይችላል። ድሬ ግን ገመናውን ታወጣዋለች።

ወደ ትራንዚስተሩ ከመሄዳችን በፊት ራስህን ፈትሽ። ሦስት ነገር ብቻ።

የመጀመሪያው ባያስ ነው፤ ሙዚቃ ሳይኖርም በትልልቆቹ ትራንዚስተሮች ውስጥ እንዲፈስ የሚደረገው ትንሽ ከረንት ማለት ነው። ቦርዱ ላይ ባያሱን የሚይዝ ትንሽ ትራንዚስተር አለ፤ ብዙ ጊዜ ቢዲ139 ነው። ይህ ትራንዚስተር ከትልልቆቹ ጋር እዚያው ሂት ሲንክ ላይ መታሰር አለበት። ሥራው ትልልቆቹ ሲሞቁ ተሰምቶት ባያሱን መቀነስ ነው። በአየር ላይ ከተውከው ምንም አይሰማውም። ትልልቆቹ ይሞቃሉ፣ ስለሞቁ ብዙ ከረንት ይስባሉ፣ ብዙ ስለሳቡ ደግሞ የባሰ ይሞቃሉ። መጨረሻው ልክ የአንተው ነው። ኦሪጅናል ቶሺባም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር ይባላሉ። ሙዚቃ ሳይኖር ከኤሚተሩ ጋር በተያያዘው ሬዚስተር ላይ ያለውን ቮልት ለካ። ሬዚስተሩ 0.22 ኦም ከሆነና 11 ሚሊቮልት ካየህ 50 ሚሊአምፒር እየፈሰሰ ነው፤ ደህና ነው። አምፑን አሙቀህ ድጋሚ ለካው። ቁጥሩ ሽቅብ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ችግሩ ሱቁ ጋ የለም፣ ቦርዱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሚካው ነው። ከትራንዚስተሩ ጀርባ ያለችው ሚካ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሂት ሲንኩ እንዳያልፍ የምትከለክለው ስስ ሽፋን፣ ከተሰነጠቀች ወይም ብሎኑ የብረት ፍንጣሪ ከተወ ሾርት ያደርጋል። ሙቀት አስተላላፊው ፔስትም በስሱ ይቀባ። እንጀራ ላይ እንደሚፈስ ወጥ አታድርገው።

ሦስተኛው ኦሲሌሽን ነው፤ አምፑ ጆሮ የማይሰማውን ሲግናል በራሱ ሲያመነጭ ማለት ነው። ድምፅ ሳይኖር ሂት ሲንኩ የሚግል ከሆነ ጠርጥር። ወደ ስፒከሩ በሚወጣው መስመር ላይ ያሉት 10 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በትክክል መኖራቸውን እይ። አንዳንዱ «ምን ይሠራሉ» ብሎ ይተዋቸዋል።

እነዚህ ሦስቱ ደህና ከሆኑ ወደ ዕቃው እንሂድ።

በዓይን ጀምር፤ በዓይን ግን አትጨርስ። ገዝተህ ከመጣኸው ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የምርት ኮዳቸው አንድ ሆኖ የጀርባው ብረት ቅርፅ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ወይም ፕላስቲኩ ላይ ያሉት ክብ የቅርፅ ማውጫ ምልክቶች ከተለያዩ አንድ ፋብሪካ አልሠራቸውም። ፊቱን በብርሃን አግድም እየው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጭረቶች ካሉ ተፍቋል። እግሮቹ ላይ የድሮ ሶልደር ካለ ተነቅሎ የመጣ ነው። ጥጥ በአሴቶን ነክረህ ጽሑፉን እሸው። ከጽሑፉ ጋር ጥቁር ቀለም ከለቀቀና ከሥሩ ሌላ ፊት ከወጣ ጉዳዩ አበቃ። ካለቀቀ ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም። ዛሬ ፎርጅዱም በሌዘር ይጻፋል።

ክብደቱንም መመዘን ትችላለህ። የቶሺባው ሲ5200 ክብደት 9.75 ግራም አካባቢ ነው። የወርቅ ሚዛን ያለው ወዳጅ ካለህ መጋላ ጎራ በልና አስመዝነው። በጣም የቀለለ ከሆነ የጀርባው ብረት ሳስቷል። የጀርባው ብረት ሙቀቱን የሚቀበለውና የሚያሰራጨው ነው፤ ከሳሳ ጉዳት አለው። ክብደቱ ልክ ቢሆንም ግን ስለ ሲሊከኑ ገና ምንም አላወቅህም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ሐረር ለአንድ ዘመድ ሠርግ አምፕ ሠርቼ ሄድኩ። አራት ጥንድ ኤምጄ15003 እና ኤምጄ15004 ገጥሜለታለሁ። እነዚህ ክብ ብረት ለባሾቹ ናቸው፤ 140 ቮልት፣ 20 አምፒር፣ 250 ዋት ይችላሉ። ሞቶሮላ የሚል ምልክት ነበራቸው። እኔም ኮርቻለሁ። ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲደምቅ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፊውዙ ሄደ። ቀየርኩ። ድጋሚ ሄደ። የቀረው ሌሊት በጭብጨባና በከበሮ አለፈ። ሰዎቹ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ድሬ ተመልሼ አንዱን በሞርሳ ያዝኩና ክዳኑን በብረት መጋዝ ዙሪያውን ቆረጥኩት። ውስጡ ያለው ሲሊከን ከምስር ፍሬ ያነሰ ነበር። ከዚያ ከአንድ የሞተ የድሮ አምፕ ላይ የነቀልኩትን ትክክለኛ ኤምጄ15003 ከፈትኩ። አጠገቡ ሲቀመጥ የልጅና የአባት ያህል ነው።

ከሁሉ የቆጨኝ ደግሞ ሳልከፍተው ማወቅ እችል የነበረ መሆኑ ነው። ጀርባው ላይ 0817 የሚል ኮድ ነበር። ብዙ ፋብሪካዎች ዓመቱንና ሳምንቱን እንዲህ ይጽፋሉ፤ 2008፣ 17ኛ ሳምንት ማለት ነው። ሞቶሮላ ግን የእነዚህን ትራንዚስተሮች ሥራ በ1999 ኦን ሴሚኮንዳክተር ለሚባል አዲስ ኩባንያ አስረክቦ ወጥቷል። በ2008 የተሠራ የሞቶሮላ ኤምጄ15003 ሊኖር አይችልም። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሳ። እኛ አገር 08 ሲያይ የራሱን ዘመን የሚያስብ ብዙ ነው። እኔም ያን ቀን ቁጥሩን ዓይኔ አይቶት አልፎታል።

ይህ ዘዴ ለሌሎቹም ይሠራል። አርሲኤ የሚል ምልክት ያለው 2ኤን3055 ከ2000 በኋላ የተሠራ ነኝ ካለህ አትመነው፤ አርሲኤ በ1986 ለጂኢ ተሽጧል። ሂታቺም ከሚትሱቢሺ ጋር በ2003 ሬኔሳስን መሥርቶ የቺፕ ሥራውን ወደዚያ አዙሯል። ማምረት የቆመባቸው የድሮ የጃፓን ሞዴሎች፣ ለምሳሌ ኬ1058 እና ጄ162፣ እንደ አዲስ ተደርድረው ርካሽ ሲሸጡ ካየህ ቆም በል።

በተቃራኒው ደግሞ ቶሺባ ያልሆነ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ኦን ሴሚኮንዳክተር በራሱ ስም ሲ5200 ሸጧል፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ፎርጅድ የምንለው በሌላው ስም የሚነግደውን ነው።

አሁን ወደ መለኪያው። እጅህ ላይ ያለው መልቲሜትር ራሱ ከምታስበው በላይ ይነግርሃል፣ ማነጻጸሪያ ካለህ። ስለዚህ አንድ የምታምነው ትራንዚስተር ፈልግ። ታይዋንም ሆነ አሸዋ ገበያ ስትዞር የሞተ የድሮ የጃፓን አምፕ ካገኘህ ግዛው። ውስጡ ከተረፉት ትራንዚስተሮች አንዷን ንቀልና በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጣት። ሞዴሏ ተመሳሳይ ቢሆን ደስ ይላል። ባይሆንም መጠኗና ዋቷ የሚቀራረብ ከሆነ ታገለግልሃለች።

መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርግና ከቤዝ ወደ ኤሚተር ለካ። ሰው ሁሉ እዚህ «0.6 ገደማ፣ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። አንተ ሦስተኛውን አሃዝ እየው። በአንድ ዓይነት ትንሽ ከረንት ሲለካ ሰፊ ሲሊከን ዝቅ ያለ ቮልት ያሳያል፣ ጠባቡ ከፍ ያለ። ስፋቱ በ10 እጥፍ ሲቀንስ ንባቡ ወደ 60 ሚሊቮልት ይጨምራል። በ4 እጥፍ ሲቀንስ ወደ 36 ሚሊቮልት። ማነጻጸሪያህ 0.530 ብላ የገዛኸው 0.570 ካለ ጆሮህን አቁም። ስትለካ ግን በእጅህ አትያዘው። እያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት 2 ሚሊቮልት ያህል ያወርዳል፤ የጣትህ ሙቀት ብቻ ያሳስትሃል። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ተዋቸውና ተራ በተራ ለካቸው።

ካፓሲተር የሚለካ ሜትር ካለህ ደግሞ በጣም ጥሩ። ኤሚተሩን ነፃ ትተህ በቤዝና በኮሌክተር መካከል ለካ። የቶሺባው ሲ5200 በ10 ቮልት 200 ፒኮፋራድ ያህል አለው፤ ኤ1943 ደግሞ 360። የአንተ ሜትር የሚለካው ያለ ቮልት ስለሆነ ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳይሃል። አትደንግጥ። ቁጥሩን ከማነጻጸሪያህ ጋር አስተያየው። የአንተው የእሷን ሩብ ካሳየ ሲሊከኑም ሩብ ያህል ነው ብለህ ገምት። ለኔ ሳይበየድና ሳይሰበር ከሚሠሩት ምርመራዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሱቅ ውስጥ ቆመህም ይሠራል።

ጌኑን፣ ማለትም ትራንዚስተሩ ከረንትን ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ፣ በተመለከተ ብዙ አልልም። ቶሺባው ላይ አር የሚል ፊደል ካለ ከ55 እስከ 110፣ ኦ ካለ ከ80 እስከ 160 ነው። ይህም በ1 አምፒር ሲለካ ነው። ያቺ ርካሽ ባለ ስክሪኗ ቴስተር የምትለካው በጥቂት ሚሊአምፒር ነው። ጥንድ ለመምረጥ ትጠቅማለች። ፎርጅድ ለመያዝ ብቻዋን አትበቃም።

የመጨረሻው ፈተና ጭነት ነው። አንድም ማምለጫ የለውም። ያለህ ፓወር ሰፕላይ ይበቃሃል። ዓይንህን የሚከልል መነጽር አድርግ፤ ደካማ ትራንዚስተር ሊፈነዳ ይችላል። 220 ያለበትን ወገን ሙሉ በሙሉ ሸፍነው።

ሲ5200ን ያለ ሚካ፣ በፔስት ብቻ፣ ትልቅ ሂት ሲንክ ላይ እሰር። ሂት ሲንኩ ራሱ አሁን ኮሌክተር ሆኗል፤ ምንም ነገር አይንካው፣ አንተም አትንካው። ኮሌክተሩን በ3 አምፒር ፊውዝ በኩል ከፕላስ 35 ጋር አገናኝ። ኤሚተሩን በ1 ኦም፣ በ10 ዋት ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አውርድ። ለቤዙ የሞባይል ቻርጀር 5 ቮልት ተጠቀም። ማይነሱን ከግራውንድ ጋር፣ ፕላሱን በ100 ኦም ሬዚስተር በኩል ከቤዙ ጋር። በዚህ አገጣጠም ኤሚተሩ ላይ ወደ 2 አምፒር ይፈስሳል። በ1 ኦሙ ላይ የምታየው ቮልት ራሱ አምፒሩ ነው፤ 1.9 ቮልት ካየህ 1.9 አምፒር ነው። ትራንዚስተሩ ላይ 33 ቮልት ያህል ይቀራል። 33 በ2፣ 66 ዋት።

መጀመሪያ ግን በ35ቱ ፈንታ የ12 ቮልት ባትሪ አስገባ። የባጃጅም ቢሆን ይሆናል። አሁን ትራንዚስተሩ ላይ 20 ዋት ብቻ ነው። 10 ሰከንድ ያህል ቆይና በቤዙና በኤሚተሩ መካከል ያለውን ቮልት መዝግብ። አጥፋው፣ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በ35ቱ ድገመው፤ እንደገና 10 ሰከንድ፣ እንደገና መዝግብ። ጭማሪው 46 ዋት ነው። እውነተኛው ሲሊከን በዚህ 38 ዲግሪ ብቻ ይጨምራል፤ በዲግሪ 2 ሚሊቮልት ካልን ንባቡ በ80 ሚሊቮልት ገደማ ይወርዳል። ሂት ሲንኩም ስለሚሞቅ 100 ቢሆን አይክፋህ። 200 ወይም 250 ከወረደ ግን ውስጡ ያለው ትንሽ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥሩን ሳትመዘግብ ጧ ብሎ ይሞታል። እሱም መልስ ነው፤ ስፒከር ሳይበላ መሞቱ ትርፍ ነው።

ለኤ1943 ሁሉንም ገልብጥ። ማይነስ 35ን ለኮሌክተሩ፣ የቻርጀሩን ፕላስ ለግራውንድ፣ ማይነሱን በ100 ኦሙ በኩል ለቤዙ። የባትሪውም ማይነስ ወደ ኮሌክተሩ ይሁን።

የተቃጠሉትን አራቱን አትጣላቸው። አንዱን በሞርሳ ጨምቀህ ስበረው። በእሳት እንዳታቃጥለው፤ የፕላስቲኩ ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው። ፕላስቲኩ ሲፈነቀል ጀርባው ብረት ላይ የተለጠፈውን ሲሊከን ታየዋለህ። በሞባይልህ ፎቶ አንሳው፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርግ። ይህ ፎቶ ሱቁ ጋ ስትሄድ ይጠቅምሃል።

ስለ ሱቁ ደግሞ። እባክህ ተጣልተህ አትግባ። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የተታለለ ሰው ነው። ዕቃው በካርቶን መጥቶለታል፣ ከፍቶ የሚያይበት መሣሪያ የለውም። ሲሊከኑን አሳየው። ከዚህ በኋላ ስትገዛ «አንድ ጥንድ ልውሰድ፣ ሳልበይድ ለክቼ ካልሆነ ልመልስ» በለው። ካልበየድከው ብዙዎቹ ይስማማሉ፤ የድሬ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ሆዱ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ካለፈ ከዚያው ካርቶን የሚበቃህን ያህል ውሰድ። ሌላ ካርቶን ሌላ ዕቃ ነው፤ እንደገና ለካ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ደግሞ እንደ ማውዘር፣ ዲጂኪ ወይም ፋርኔል ካሉ ከፋብሪካው በቀጥታ ከሚረከቡ አከፋፋዮች አስገዛው። አራት ትራንዚስተር ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሻንጣ አያከብድም። የሞተ አምፕ ላይ የተነቀለ እውነተኛ አሮጌም ቢሆን ፈተናውን ካለፈ ሳታፍር ግጠመው። እኔ ከሚያብረቀርቅ ፎርጅድ ይልቅ አሮጌውን እመርጣለሁ።

እስከዚያው አምፑ ቁጭ ብሎ አቧራ መጠጣት የለበትም። 8 ኦም ስፒከር ፈልግለት። ያው 1225 ለ9.87 ከዚያ ለ8 ሲካፈል 15 ዋት ተኩል ይሆናል። ደካማው ትራንዚስተር እንኳ 47 ዲግሪ ያህል ብቻ ይጨምራል። ጀርባው 80 ላይ ቢሆን 127 ነው፤ ከገደቡ በታች። ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ይዘፍናል። ትንሽ ፋንም ወደ ሂት ሲንኩ አዙርበት።

ትራንዚስተር ሾርት ሲሆን 35 ቮልት ዲሲ በቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። የአንተን የበላው እሱ ነው። ዲሲ ሲያይ መስመሩን የሚቆርጥ ባለ ሪሌ ፕሮቴክሽን ቦርድ አስገባ። ከየፓወር መስመሩ ላይም ፊውዝ ይኑር። አዲስ ትራንዚስተር በገጠምክ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የምትሰካው በ220ው መስመር ላይ 60 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ አስገብተህ ይሁን። አምፖሉ ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ንቀል፤ አንድ ነገር ሾርት ነው፣ ግን ምንም አልተቃጠለም።

የግራው ቻናል ሞተ አላልከኝም። ምናልባት እሱ ላይ ያሉት ሁለቱ ከሌላ ካርቶን የመጡ ናቸው፤ ምናልባትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ንቀላቸውና መጀመሪያ እነሱን ለካ። የቤዝ-ኤሚተሩን ንባብ፣ ካፓሲታንሱን፣ በ12 እና በ35 ቮልት የመዘገብካቸውን ቁጥሮች ጽፈህ ላክልኝ። ከተሰበረው ሲሊከን ፎቶ ጋር። አብረን እናየዋለን።